«ሃይማኖትን ነክተዋል» ተብለው በመንግሥት የታገዱ ልብ ወለዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኢትዮጵያ አዋጆች ብቻ በነጋሪት ጋዜጣ በሚታወቁበት ዓመተ ምሕረት ተጠቅሰዋል።

አንድ ልብ ወለድ «በመንግሥት ታግዷል» የሚባለው መቼ ነው?

ሥልጣን ያለው አካል የሕግ አንቀጽ ጠቅሶ፣ ቀንና ቁጥር ባለው ጽሑፍ፣ መጽሐፉ እንዳይገባ፣ እንዳይታተም፣ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይያዝ ሲከለክል ነው። አራቱ ክልከላዎች ይለያያሉ። ወደ አገር እንዳይገባ ብቻ የተከለከለ መጽሐፍ ቀድሞ የገባው ቅጂ ቤታችሁ ቢገኝ ላያስጠይቅ ይችላል። መያዙ ጭምር ከተከለከለ ግን አንዲት ቅጂም ታስቀጣለች።

ብዙ ጊዜ «ታገደ» እየተባለ የሚወራው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ወይም የሃይማኖት ሊቃውንት ምእመናን እንዳያነቡት ይከለክላሉ፤ አሳታሚው ፈርቶ ከገበያ ይሰበስበዋል፤ ትምህርት ቤት ከቤተ መጻሕፍቱ ያወጣዋል፤ ወይም አንድ ባለሥልጣን ስልክ ደውሎ «ይሄ ባይወጣ ይሻላል» ይላል። ይህን መለየት ትልቅ ጥቅም አለው። በጽሑፍ የወጣ እገዳ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ይሟገቱታል፣ አንዳንዴም ይሻራል። በቃል የተላለፈው ግን ይግባኝ የሚባልበት ወረቀት የለውም። በእኛ እምነት ደራሲያንን አብዝቶ የጎዳው ይኼኛው ነው፤ ከታች የምታገኟቸው ታሪኮችም ይህንኑ ያሳያሉ።

የሳልማን ሩሽዲን «ሰይጣናዊ ጥቅሶች» ቀድማ የከለከለችው ኢራን ናት?

አይደለችም፤ የቀደመችው ህንድ ናት። መጽሐፉ ለንደን ውስጥ የወጣው መስከረም 26 ቀን 1988 ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 5፣ የራጂቭ ጋንዲ መንግሥት ወደ ህንድ እንዳይገባ አገደው። ሰይድ ሻሃቡዲንን የመሳሰሉ የፓርላማ አባላት ግፊት አድርገው ነበር።

እገዳውን ያወጣው የፋይናንስ ሚኒስቴር መሆኑ ብዙዎችን ይገርማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጉምሩክ የሚተዳደረው በዚያ ሚኒስቴር ሥር ነው። የተጠቀሰው ሕግ የ1962ቱ የጉምሩክ ሕግ አንቀጽ 11 ሲሆን፣ የትእዛዙ ቁጥር ደግሞ 405/12/88 ነበር። የህንዱ ፔንግዊን አሳታሚ ድርጅት መጽሐፉን እዚያው እንዳያሳትም ከአማካሪው ከኩሽዋንት ሲንግ ምክር ቀርቦለት ስለነበር አገር ውስጥ የታተመ ቅጂ አልነበረም። በሩን መዝጋት ብቻ በቂ ሆነ። ሚኒስቴሩ በመግለጫው እገዳው የሥራውን ሥነ ጽሑፋዊና ጥበባዊ ዋጋ እንደማይቀንስ ጨምሮ ተናግሯል።

ቁጣ ያስነሳው ክፍል ጂብሪል ፋሪሽታ የሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚያያቸው ሕልሞች ናቸው። በሕልሙ ውስጥ ነቢዩ ሙሐመድን የሚያስታውስ ሰው አለ። የተሰጠው ስም በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ክርስቲያኖች ነቢዩን ለማዋረድ ይጠቀሙበት የነበረ ነው። በአንድ ሴተኛ አዳሪ ቤት ያሉ ሴቶችም የነቢዩን ሚስቶች ስም ለራሳቸው ያወጣሉ። ሙስሊም አንባቢ ይህን ሲያነብ ለምን እንደሚቆስል መረዳት አያስቸግርም። ከህንድ ቀጥሎ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ሱዳን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ሲሪላንካ፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖር እና ሌሎችም አገዱት።

የህንዱ እገዳ ዛሬም አለ?

የለም። የቀረበትም መንገድ አስገራሚ ነው። አንድ አንባቢ መጽሐፉን ማስመጣት ፈልጎ በ2019 ለዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበ። የጠየቀው የእገዳው ትእዛዝ እንዲቀርብ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ለዓመታት ፈልገው አጡት። ትእዛዙን አውጥቷል የተባለው መሥሪያ ቤት እንኳ ቅጂውን ማቅረብ አልቻለም። ኅዳር 5 ቀን 2024 ችሎቱ ትእዛዙ እንደሌለ ከመቁጠር ሌላ አማራጭ የለንም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። በታኅሣሥ ወር መጽሐፉ በዴልሂው የባሕሪሰንስ መደብር በ1,999 ሩፒ ሲሸጥ ታየ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጉምሩክ፣ መጽሐፍ ሻጭና የበዓል አዘጋጅ 36 ዓመት ሙሉ የታዘዙት አንድም ሰው አውጥቶ ሊያሳየው ላልቻለ ወረቀት ነው። በ2012 በጃይፑር የሥነ ጽሑፍ በዓል ላይ ከመጽሐፉ ያነበቡ አራት ደራሲያን ከተማዋን ለቀው ለመሄድ ተገደዋል። እገዳው የሚከለክለው ግን ማስገባትን እንጂ ማንበብን አልነበረም።

ፈትዋውና የመንግሥት እገዳው አንድ ናቸው?

አይደሉም። የኢራኑ መሪ አያቶላህ ኾሜይኒ የካቲት 14 ቀን 1989 በሬዲዮ ያስነገሩት ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) በደራሲውና ይዘቱን እያወቁ ባሳተሙት ሰዎች ላይ የሞት ፍርድ የሚያስተላልፍ ነው። እገዳ የሚያነጣጥረው መጽሐፉ ላይ ነው፤ ፈትዋው ያነጣጠረው ሰው ላይ ነበር። መዘዙም የወደቀው በደራሲው ላይ ብቻ አይደለም። የጣልያንኛው ተርጓሚ ኤቶሬ ካፕሪዮሎ ሐምሌ 1991 ሚላን ውስጥ በስለት ተወግቶ ቆሰለ። በዚያው ወር የጃፓንኛው ተርጓሚ ሂቶሺ ኢጋራሺ ያስተምርበት በነበረው ጹኩባ ዩኒቨርሲቲ ተገድሎ ተገኘ። የኖርዌዩ አሳታሚ ዊሊያም ኒጎርድ በጥቅምት 1993 ኦስሎ ውስጥ ጥይት ተተኩሶበት ተረፈ። ሩሽዲ ራሱ ነሐሴ 12 ቀን 2022 በኒውዮርክ ግዛት፣ ቻተኳ በሚባል ስፍራ መድረክ ላይ ተወግቶ አንድ ዓይኑን አጥቷል።

የኢራን መንግሥት በ1998፣ በፕሬዚዳንት ኻታሚ ዘመን፣ ግድያውን ለማስፈጸም እንደማይንቀሳቀስ አስታውቆ ነበር። ፈትዋው ግን በዚያ አልተነሣም።

ብሪታንያ ለምን አላገደችውም? የስድብ ሕግ አልነበራትም?

ነበራት፤ ግን የሚጠብቀው ክርስትናን ብቻ ነበር። ሙስሊም አመልካቾች በደራሲውና በአሳታሚው ላይ ክስ እንዲከፈት ጠይቀው የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1990 ጥያቄውን አልተቀበለም፤ ሕጉን ወደ ሌሎች ሃይማኖቶች ማስፋት የፓርላማ እንጂ የዳኞች ሥራ አይደለም የሚል ነበር ክርክሩ። አመልካቾቹ አድልዎ ተሰምቷቸው ነበር፤ በዚህ ነጥብ ላይ እውነት ነበራቸው። እንግሊዝና ዌልስ መፍትሔ ያደረጉት ጥበቃውን ለሁሉም ማዳረስን ሳይሆን ሕጉን በ2008 መሻርን ነው። አየርላንድም ብትሆን እስከ 25,000 ዩሮ የሚያስቀጣውን ድንጋጌዋን በ2009 አውጥታ፣ መሠረቱን በ2018 በሕዝበ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቷ አስወጥታለች።

የናጊብ ማህፉዝ «የሰፈራችን ልጆች» በግብፅ በየትኛው ሕግ ታገደ?

በየትኛውም። የቃል እገዳ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አናውቅም።

ልብ ወለዱ ከመስከረም 21 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን 1959 በአል-አህራም ጋዜጣ በተከታታይ ወጣ። ታሪኩ የአንድ የካይሮ ሰፈር ነው። ገበላዊ የሚባል ኃያል አባት በትልቁ ቤት ዘግቶ ይኖራል፤ ዘሮቹ ደጅ ተጥለው በጉልበተኞች ሥር ይማቅቃሉ። በየትውልዱ አንድ ነፃ አውጪ ይነሣል። አድሃም አዳምን፣ ገበል ሙሴን፣ ሪፋዓ ኢየሱስን፣ ቃሲም ነቢዩ ሙሐመድን ያስታውሳሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ዐረፋ ደግሞ የሳይንስ ሰው ነው፤ የገበላዊም ሞት ከእሱ ጋር ይያያዛል። መጽሐፉ 114 ምዕራፎች አሉት፤ የቁርኣን ሱራዎችም 114 ናቸው። የካይሮው ታላቅ እስላማዊ ተቋም የአል-አዝሃር ሊቃውንት እንዲቆም ቢጠይቁም ዋና አዘጋጁ ሙሐመድ ሐሰነይን ሄይከል እስከ መጨረሻው ክፍል አወጣው።

ከዚያ በኋላ የናስር መንግሥት ተወካይ ሐሰን ሰብሪ አል-ኹሊ ከደራሲው ጋር ተነጋገረ። ስምምነቱ የአል-አዝሃር ፈቃድ ካልተገኘ መጽሐፉ ግብፅ ውስጥ እንዳይታተም፣ ውጭ አገር ግን እንዲታተም ነበር። ቤይሩት ያለው ዳር አል-አዳብ በ1967 አወጣው። ማህፉዝ በ1988 የኖቤል ሽልማት ካገኘም በኋላ ቃሉን አላጠፈም። ጥቅምት 14 ቀን 1994 ደግሞ በ82 ዓመቱ ካይሮ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ወጣት አንገቱን በጩቤ ወጋው። ከሞት ቢተርፍም የቀኝ እጁ ነርቭ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ ረጅም ጽሑፍ መጻፍ አልቻለም። መጽሐፉ በአገሩ በዳር አል-ሹሩቅ የታተመው ነሐሴ 2006 ካረፈ በኋላ ነው። ጋዜጣው ላይ ከወጣ 47 ዓመት አልፎት ነበር።

በግብፅ መንግሥት ራሱ ያሳተመውን መጽሐፍ ሰብስቧል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የሶርያዊው ሐይደር ሐይደር «የባሕር አረም ግብዣ» መጀመሪያ በ1983 የወጣ ልብ ወለድ ነው። የግብፅ ባህል ሚኒስቴር በርካሽ ዋጋ በሚያወጣው ተከታታይ ውስጥ እንደገና አሳተመው። አል-ሸዕብ የተባለው ጋዜጣ ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሯቸውን ዓረፍተ ነገሮች እየነጠለ ማውጣት ሲጀምር በግንቦት 2000 የአል-አዝሃር ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። የተከታታዩ አዘጋጅ፣ ራሱም ደራሲ የሆነው ኢብራሂም አስላን፣ ለምርመራ ተጠራ። መጽሐፉ ከገበያ ተነሣ፤ ጋዜጣውም ተዘጋ።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት አለ። አንድ ገጸ ባሕርይ የተናገረው ከአውዱ ተነጥሎ የደራሲው ቃል ሆኖ ይቀርባል። በቁጣ ከሚሰለፉት አብዛኞቹ የሚያውቁት በጋዜጣ ወይም በበራሪ ወረቀት የደረሳቸውን ያንን ቁራጭ ብቻ ነው።

ክርስቲያኖችን አስቆጥተዋል ተብለው የታገዱስ?

አሉ። የዳን ብራውን «የዳ ቪንቺ ኮድ» በመስከረም 2004 ሊባኖስ ውስጥ ታግዷል። አቤቱታውን ያቀረበው የካቶሊክ መረጃ ማዕከል ሲሆን፣ እገዳውን ያስፈጸመው የአገሪቱ አጠቃላይ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። የዓረብኛው፣ የእንግሊዝኛውም የፈረንሳይኛውም ቅጂ ከመደብር ተነሣ።

የኒኮስ ካዛንትዛኪስ «የመጨረሻው ፈተና» በየዝርዝሩ ይገባል፤ ቫቲካን በ1954 የተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ ላይ አስፍራዋለች። ይህ ግን የቤተ ክርስቲያን ክልከላ ነው፤ መዝገቡም በ1966 ቀርቷል። ደራሲው በቴሌግራም የመለሰው ከጥንቱ ተርቱልያኖስ የተዋሰውን ቃል ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ይግባኜ ለፍርድ ወንበርህ ነው።»

የፖርቱጋሉ ጉዳይ ደግሞ በመካከል ያለ ነው። የጆዜ ሳራማጎ «ወንጌል እንደ ኢየሱስ ክርስቶስ» በ1992 ለአውሮፓ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሊታጭ ሲል የባህል ምክትል ሚኒስትሩ ሶዛ ላራ ካቶሊኮችን ያስቀይማል ብለው ከዝርዝሩ አወጡት። መጽሐፉ መሸጡን ቀጠለ፤ ደራሲው ግን አኩርፎ ኑሮውን ወደ ስፔኗ ላንዛሮቴ ደሴት አዞረ። በ1998 ኖቤል ተሸለመ። ይህን «እገዳ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በመንግሥት እጅ የተፈጸመ ጫና መሆኑ ግን አይካድም።

በሂንዱ እምነት ስም የታፈነ ልብ ወለድ አለ?

የፔሩማል ሙሩጋን «ማዶሩባገን» ዋናው ነው። በታሚል ቋንቋ በ2010 ወጣ። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት፣ ካሊና ፖና፣ በቲሩቼንጎዴ ቤተ መቅደስ የዓመት በዓል ላይ ልጅ ያጣች ሴት ከማታውቀው ወንድ ጋር የምታድርበትን የድሮ ልማድ እያሰቡ የሚጨነቁበት ታሪክ ነው። አራት ዓመት ያህል ማንም ምንም አላለም። የእንግሊዝኛው ትርጉም ከወጣ በኋላ፣ በ2014 መጨረሻ፣ ከተማው ተዘጋ፣ መጽሐፉም ተቃጠለ።

ጥር 12 ቀን 2015 የአካባቢው አስተዳደር «የሰላም ስብሰባ» ጠራ። ደራሲው እዚያ ተቀምጦ ያለቅድመ ሁኔታ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ያልተሸጡ ቅጂዎችንም ሊሰበስብ ፈረመ። ከዚያ በፌስቡክ ገጹ ላይ ደራሲው ፔሩማል ሙሩጋን እንደሞተ ጻፈ። ሐምሌ 5 ቀን 2016 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያ ስብሰባ የተፈረመው እንደማያስገድደው ወሰነ። መጽሐፍ ካልወደድከው ጣለው፣ አንብብ ብሎ የሚያስገድድህ የለም አለ ፍርዱ፤ የተዘጋውም ደራሲው እንዲነሣና እንዲጽፍ በማዘዝ ነው። ሙሩጋንም ወደ ብዕሩ ተመለሰ። በእጃችን ካሉት ፍርዶች ሁሉ ደጋግመን የምናነበው ይህን ነው።

«ሃይማኖት» የሚለው ምክንያት ሽፋን የሚሆንበት ጊዜ አለ?

አዎ፤ የታስሊማ ናስሪንን «ላጃ» ተመልከቱ። ታኅሣሥ 6 ቀን 1992 ህንድ ውስጥ የባብሪ መስጊድ ከፈረሰ በኋላ ባንግላዴሽ ውስጥ በሂንዱዎች ላይ የደረሰውን ጥቃት በአንድ ቤተሰብ በኩል ያሳያል። በየካቲት 1993 ወጥቶ በሐምሌ ታገደ። የተሰጠው ምክንያት በሃይማኖቶች መካከል ቅራኔ ይፈጥራል የሚል ነበር። የልብ ወለዱ ዋና ጉዳይ ግን መንግሥት ዜጎቹን አለመጠበቁ ነው። ደራሲዋ ራሷ ስለ ሃይማኖት የተናገረችውና የጻፈችው ሌላ ቁጣ አስነሥቶ በነሐሴ 1994 አገሯን ለቃ ወጣች።

እገዳ በፍርድ ቤት የሚሻረው እንዴት ነው?

እንደ አገሩ ይለያያል። ህንድ ውስጥ ክፍለ ግዛት መጽሐፍ የሚወርሰው በ1973ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 95 ነበር፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 98 ተተክቷል። ትእዛዙ በመንግሥት ጋዜጣ ከወጣበት ቀን አንሥቶ በሁለት ወር ውስጥ፣ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ጉዳዩን ሦስት ዳኞች ይሰሙታል። ትልቁ የሙግት ነጥብ መንግሥት ለእገዳው ያነሣሣውን ምክንያት በትእዛዙ ላይ መጻፍ ያለበት መሆኑ ነው። አንቀጽ ብቻ ጠቅሶ ምክንያቱን ያልጻፈ ትእዛዝ በ1961 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተሽሯል። የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት በ2003 በታስሊማ ናስሪን ግለ ታሪክ ላይ የጣለውንም እገዳ የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005 አንሥቶታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ወሩን በማሳለፍ ነው። ሌላው ስሕተት የጉምሩክ እገዳን በዚህ አንቀጽ ለማሻር መሞከር ነው፤ ለእሱ የተለየ አቤቱታ ያስፈልጋል።

ማሌዥያ ውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው። የ1984ቱ የማተሚያ ቤቶችና የኅትመት ሕግ አንቀጽ 7 ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፍጹም ሥልጣን ይሰጣል። ሆኖም ፍርድ ቤቶች የውሳኔውን ምክንያታዊነት ይመረምራሉ። የደራሲ ፋይሰል ተህራኒ አራት መጻሕፍት እገዳ በጥር 2018 በይግባኝ ተሽሯል።

ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ደራሲን ይደግፋል ብሎ ማሰብም አያዋጣም። አንድ የቱርክ አሳታሚ በ1993 ባወጣው ልብ ወለድ ምክንያት ሁለት ዓመት ተፈርዶበት፣ ቅጣቱ ወደ ትንሽ የገንዘብ መቀጮ ተለወጠለት። በመስከረም 2005 ችሎቱ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ የቱርክን ቅጣት አጸና፤ ለዚህም መቀጮው አነስተኛ መሆኑንና መጽሐፉ ራሱ አለመወረሱን ከግምት አስገብቷል። ሦስቱ ዳኞች ግን ማንም ልብ ወለድ ገዝቶ እንዲያነብ አይገደድም ሲሉ ተቃውመዋል። እኛም ከሦስቱ ጋር ነን።

የታገደ መጽሐፍ መያዝ ያስከስሳል?

የእገዳው ዓይነት ይወስነዋል። በማሌዥያው ሕግ አንቀጽ 8 መሠረት ያለ በቂ ምክንያት የታገደ ጽሑፍ የያዘ እስከ 5,000 ሪንጊት ይቀጣል። ያተመ፣ ያስገባ ወይም የሸጠ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት እስራት፣ እስከ 20,000 ሪንጊት መቀጮ ወይም ሁለቱም ሊወሰንበት ይችላል። የህንዱ የጉምሩክ እገዳ በአንጻሩ አንባቢውን አይነካም ነበር።

ወደ ዓረብ አገር በሻንጣ ይዤ ብሄድስ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጉምሩክ የታተመ ጽሑፍ የመመርመርና የመያዝ ሥልጣን አለው፤ አወዛጋቢ መጽሐፍ ይዛችሁ ከሆነ ቢያንስ እንደሚወሰድባችሁ ቁጠሩ። አንድ ቅጂ ለራስ ንባብ እንደተያዘ ሊታይ ይችላል፤ የአንድ መጽሐፍ አምስት ቅጂ ግን ለማሠራጨት የመጣ ይመስላል። «ለጓደኛዬ አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጣችሁን የታሸገ ጥቅል ሳትከፍቱ አትያዙ። ከመጽሐፉ የበለጠ የሚያስጠይቀው ደግሞ ስልክ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያና በኤሚሬቶች ሃይማኖትን መስደብ ወንጀል ነው፤ አንድን ገጽ ፎቶ አንሥቶ በዋትሳፕ ቡድን ወይም በቲክቶክ መልቀቅ እንደ ንባብ ሳይሆን እንደ ማሠራጨት ሊታይ ይችላል።

ኩዌት በነሐሴ 2020 ሕጓን አሻሽላለች። ቀድሞ የማስታወቂያ ሚኒስቴሩ ወደ አገር የሚገባ መጽሐፍን አስቀድሞ ይመረምር ነበር። አሁን አስመጪው የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም ያስታውቃል፤ ኃላፊነቱም የእሱ ነው። መጽሐፉ የሚታገደው አቤቱታ ቀርቦ ፍርድ ቤት ሲወስን ነው።

በኢትዮጵያስ? ሃይማኖትን የሚነካ ልብ ወለድ ይታገዳል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ ሳንሱርም በሕግ የቀረው ከዚያ ቀደም ብሎ በፕሬስ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው። ስለዚህ ደራሲ ረቂቁን ለመንግሥት አስነብቦ ማኅተም አያስመታም። ከታተመ በኋላ ግን ሊጠቀሱ የሚችሉ ድንጋጌዎች አሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 የአምልኮ ሥርዓትን በአደባባይ የሚያውክ ወይም የሚያላግጥበትን፣ ለአምልኮ የሚያገለግል ስፍራን ወይም ንዋይን የሚያረክስን ሰው በመቀጮ ወይም እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 816 ደግሞ በአደባባይ ሃይማኖትን በቃል ወይም በድርጊት መዳፈርን በደንብ መተላለፍ ያስጠይቃል። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ሃይማኖትን መሠረት ያደረገ ጥላቻን ቢከለክልም የኪነ ጥበብ ሥራን ከክልከላው ለይቶታል። ደራሲም አሳታሚም ይህን ልዩ ሁኔታ ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

«ኦሮማይ»ን ከዚህ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1983 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ስለገለጠ ነው፤ ደራሲውም በየካቲት 1984 ጠፍቶ ቀረ። ጉዳዩ ፍጹም ፖለቲካዊ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያየሁት መጽሐፍ በእርግጥ መታገዱን በምን ላጣራ?

መጀመሪያ ያገደው አካል ማን እንደሆነ ፈልጉ፤ «መንግሥት አገደ» ብቻ የሚል ጽሑፍ አያስተማምንም። ቀጥላችሁ የሕጉን አንቀጽና ትእዛዙ የወጣበትን ቀን ያዙ፤ ከዚያ ክልከላው ማስገባትን፣ ማተምን፣ መሸጥን ወይስ መያዝን እንደሚመለከት፣ ለሁሉም ቋንቋ እትሞች ይሁን ለአንዱ ብቻ ለዩ። መጨረሻ ላይ ዛሬ የጸና መሆኑን መርምሩ። በየድረ ገጹ ያሉ ዝርዝሮች እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ የተሻረ እገዳ ለዓመታት እንደ ጸና ሆኖ ይቀመጣል። የፊልም እገዳንና የመጽሐፍ እገዳን ማምታታትም የተለመደ ነው። «የዳ ቪንቺ ኮድ» ፊልም በ2006 በበርካታ የህንድ ክፍለ ግዛቶች ታግዶ ነበር፤ ያ የመጽሐፉ እገዳ ማስረጃ አይሆንም።

የተቆረጠ እትም እንዳልገዛሁ በምን አውቃለሁ?

ሙሉ በሙሉ ከመታገድ ይልቅ ተቆርጦ መውጣት የደረሰባቸው ሥራዎች ብዙ ናቸው። የቶልስቶይ «ትንሣኤ» በ1899 ሩሲያ ውስጥ ሲወጣ በእስር ቤት የሚካሄደውን ቅዳሴ የሚገልጸው ክፍል በሳንሱር ወድቋል፤ ሙሉው የታተመው እንግሊዝ አገር ነው። ከአሮጌ እትም የተተረጎመ ቅጂ ከያዛችሁ የመጀመሪያውን ክፍል ምዕራፍ 39 እና 40 ክፈቱ። እዚያ የቅዳሴው ትዕይንት ከሌለ ወይም በጥቂት መስመር ካለፈ የያዛችሁት የተቆረጠው ነው። «የሰፈራችን ልጆች»ም ሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አሉት። የፊሊፕ ስቱዋርት በ1981፣ የፒተር ቴሩ በ1996 ወጥተዋል። የጋዜጣውና የቤይሩቱ ጽሑፍ በየቦታው ስለሚለያዩ፣ ለጥናት የምትፈልጉት ከሆነ የትኛውን መሠረት እንዳደረገ መቅድሙን አንብባችሁ ግዙ።